ሲጋራና እርግዝና፦ ጭሱ ፅንሱ ጋ ሲደርስ ምን ይፈጠራል?

ሲጋራ ለነፍሰ ጡር ጥሩ እንዳልሆነ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ፓኬቱ ላይ ተጽፏል፣ ሐኪም ይናገራል፣ ዘመድ ይቆጣል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። ምን ያደርጋል? በየት በኩል? በቀን አንድ ፍሬና አንድ ፓኬት ልዩነት አላቸው? አምስተኛ ወሯ ላይ ያለች ሴት አሁን ብታቆም ፋይዳ አለው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያላገኘች እናት የሚደርሳት ወቀሳው ብቻ ነው። ወቀሳ ብቻውን ደግሞ ሲጋራውን አያስጥልም፤ ያስደብቃል እንጂ። የተደበቀ ሲጋራ ላይ ደግሞ ሐኪምም አዋላጅም ሊረዳ አይችልም።

ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

ከሳንባ እስከ እትብት

አንዲት ነፍሰ ጡር ሲጋራ ለኩሳ ሳብ ስታደርግ ከ7,000 በላይ የኬሚካል ዓይነቶች ወደ ሳንባዋ ይገባሉ። ከእነዚህ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ መሆናቸው ይታወቃል። በእርግዝና ጊዜ ግን በዋናነት መታወቅ ያለባቸው ሁለቱ ናቸው፦ ኒኮቲንና ካርቦን ሞኖክሳይድ።

ኒኮቲን ከሳንባ ተነስቶ አንጎል ለመድረስ ሴኮንዶች ይበቁታል። ሰውነት ወዲያው አድሬናሊን ይለቃል። የእናትየው ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ የደም ግፊቷ ከፍ ይላል፣ የደም ሥሮቿ ይጠባሉ። ከሚጠቡት መካከል ወደ ማኅፀን ደም የሚወስዱትም አሉበት። ያ ደም ለፅንሱ ምግቡም አየሩም ነው። ኒኮቲኑ በዚህ አያበቃም። የእንግዴ ልጁን አልፎ ራሱ ፅንሱ ደም ውስጥ ይገባል። በፊት በፊት የእንግዴ ልጅ መጥፎ ነገርን ሁሉ እንደሚያግድ ይታመን ነበር። ኒኮቲንን ግን አያግድም። እንዲያውም በፅንሱ ደም ውስጥ ያለው መጠን ከእናቱ ሊበልጥ ይችላል። ፅንሱ ኒኮቲኑን በሽንቱ ሲያስወጣው በዙሪያው ባለው የእንሽርት ውሃ ውስጥ ይጠራቀማል። ያንኑ ውሃ ደግሞ መልሶ ይውጠዋል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ እሳት ሲነድ ሰው በእንቅልፉ እንዲሞት የሚያደርገው እሱ ነው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ሄሞግሎቢንን እንደ መኪና፣ ኦክስጅንን እንደ ተሳፋሪ እናስባቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ወንበሩን ለመያዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታል። ከያዘም ቶሎ አይለቅም። ይባስ ብሎ ወንበር ያገኘው ጥቂት ኦክስጅንም መውረጃው ላይ ሲደርስ እንደ ልቡ መውረድ አይችልም። ስለዚህ ደሙ ይዘዋወራል፣ ግን ፅንሱ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል።

ከእናትየው ደም ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ግማሽ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከፅንሱ ደም ለመውጣት ከዚያ በላይ ይቆያል። በየሁለት ሰዓቱ የምታጨስ ሴት ፅንሷ ከአንዱ ሲጋራ ሳያገግም ሌላው ይደርስበታል ማለት ነው። ፅንስ ድሮም የሚኖረው ከእኛ በጣም ያነሰ ኦክስጅን ባለበት ቦታ ነው። ለዚያ የሚሆን ብልሃት በተፈጥሮ ተሰጥቶታል፤ ግን የሚተርፈው ብዙ አይደለም። እሱ ላይ ሲቀነስበት ወዲያው ይታያል።

ይህ ግምት አይደለም። እናትየው አጭሳ ስትጨርስ ፅንሱን በአልትራሳውንድ የተከታተሉ ተመራማሪዎች ሁለት ነገር አይተዋል። የልብ ምቱ ይጨምራል። ደግሞ ማኅፀን ውስጥ ለልምምድ የሚያደርገው የደረት እንቅስቃሴ፣ ማለትም ሲወለድ ለሚተነፍሰው አየር ጡንቻውን የሚያዘጋጅበት እንቅስቃሴ፣ ይቀንሳል። ሁሉም የሆነው በአንድ ፍሬ ሲጋራ ነው።

ከሁለቱ ሌላ አንድ ልጨምር። ትምባሆ ውስጥ ካድሚየም የሚባል ብረት አለ። ካድሚየም የእንግዴ ልጁ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፅንሱ ለእድገቱ የሚያስፈልገው ዚንክ እንዳያልፍም ያስቸግራል። የእንግዴ ልጁ ካድሚየሙን ይዞ ያስቀራል፣ በዚያው ግን ራሱ ይጎዳል።

በእናትየው ላይ

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ እናትየው ትረሳለች። ሁሉም ሰው ስለ ልጁ ነው የሚያወራው። ግን የመጀመሪያው አደጋ እሷ ላይ ነው፤ የሚጀምረውም ገና ፅንሱ ማኅፀን ሳይደርስ ነው።

የተፀነሰው እንቁላል ወደ ማኅፀን የሚጓዘው በቱቦው ውስጥ ባሉ ፀጉር መሰል ነገሮች እየተገፋ ነው። ትምባሆ የእነዚህን እንቅስቃሴ ያዳክማል። እንቁላሉ መንገድ ላይ ከቀረ እዚያው ቱቦው ውስጥ ማደግ ይጀምራል። ይህ ከማኅፀን ውጭ እርግዝና የሚባለው ነው። ቱቦው ከፈነዳ ደም ወደ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል፤ በሰዓታት ውስጥ ካልተደረሰላት ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። በሚያጨሱ ሴቶች ላይ ይህ በግልጽ ይበዛል። ውርጃም እንደዚሁ።

እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ነገሩ ወደ እንግዴ ልጁ ይዞራል። አንዳንዴ ታች የማኅፀን በር ላይ ይቀመጣል፤ ምጥ ሲመጣ ደም ያፈስሳል። አንዳንዴ ደግሞ ልጁ ሳይወለድ ከማኅፀን ግድግዳ ቀድሞ ይላቀቃል። ይህኛው በጣም አስፈሪው ነው። ሆድ ድንገት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ሕመሙ ፋታ አይሰጥም፣ ደም ሊታይም ላይታይም ይችላል። ደሙ ካልታየ ውስጥ እየተጠራቀመ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል። የእንግዴ ልጁ በተላቀቀ ቁጥር የልጁ ኦክስጅን ይቋረጣል፣ የእናትየው ደም ያልቃል። ማጨስ ይህን አደጋ ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል። እንዲህ ዓይነት ምልክት ያየች ሴት «እስኪ ትንሽ ልጠብቅ» ማለት የለባትም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው።

የእንሽርት ውሃ ቀድሞ መፍሰስም በሚያጨሱ ሴቶች ላይ ይበዛል። እርግዝና በራሱ ደም የመርጋት ዝንባሌን ይጨምራል፤ ሲጋራ ሲታከልበት በእግር ወይም በሳንባ ደም የመርጋቱ ዕድል ከፍ ይላል። በኦፕራሲዮን ከወለደች ደግሞ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ምክንያቱ ያው የደም ሥር መጥበብና የኦክስጅን ማነስ ነው።

እዚህ ላይ የሚያደናግር አንድ እውነት አለ፤ መደበቁ አይጠቅምም። በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት የሚጨምርበት ፕሪክላምፕሲያ የሚባለው ሕመም በሚያጨሱ ሴቶች ላይ አነስ ብሎ ይታያል። በተደጋጋሚ ጥናት የተረጋገጠ ነገር ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ይዞ «አየህ፣ ጥቅምም አለው» ይላል። ግን የምታጨስ ሴት ፕሪክላምፕሲያ ሲይዛት በልጁ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከማታጨሰው ይከፋል። በአንድ በኩል የቀነሰውን አደጋ ደግሞ የእንግዴ ልጅ መላቀቁ፣ ያለጊዜው መወለዱና የፅንስ ሞቱ በብዙ ያጥፉታል። ሐኪም ለዚህ ብሎ ሲጋራ አያዝም።

200 ግራም ምን ያህል ነው?

እ.ኤ.አ. በ1957 ሲምፕሰን የሚባሉ ተመራማሪ በካሊፎርኒያ ከ7,000 የሚበልጡ እናቶችን መዝገብ አገላብጠው አንድ ነገር አስተዋሉ። የሚያጨሱ እናቶች ልጆች ያለጊዜያቸው ወይም አንሰው የመወለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ሲጋራው በበዛ ቁጥር ችግሩም ይበዛል። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተደረጉት ጥናቶች ቁጥር ለመቁጠር ያስቸግራል፤ ውጤታቸው ግን ተመሳሳይ ነው። በእርግዝናዋ ሁሉ የምታጨስ ሴት የምትወልደው ልጅ በአማካይ 200 ግራም ያህል ይቀንሳል።

200 ግራም ሲሰሙት ትንሽ ነው። ለ3,500 ግራም ልጅ ምናልባት ትንሽ ሊሆን ይችላል። ግን አማካይ ቁጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። 2,600 ግራም ሊወለድ የነበረውን ልጅ 200 ግራሙ ከ2,500 በታች ያወርደዋል፤ ከዚያ በታች ያለ ልጅ በሕክምና ክብደቱ ያነሰ ይባላል። ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበርደዋል። በጉበቱ ያጠራቀመው ስኳር ጥቂት ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የደም ስኳሩ ይወርዳል። አቅም ስለሌለው ጡት ይዞ ቶሎ ይደክመዋል፤ ሳይጠግብ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ሳይጠግብ ሲተኛ ስኳሩ ይበልጥ ይወርዳል። አዋላጆች የእንዲህ ዓይነቱን ልጅ ተረከዝ እየወጉ ስኳር የሚለኩት፣ ከእናቱ ደረት ጋር አጣብቀው የሚያቅፉት ለዚህ ነው።

«ልጁ ካነሰ ምጡ ይቀላል» የሚል ሐሳብ ዛሬም ይሰማል። ምንጩ የሰፈር ወሬ ብቻ አይደለም። የሲጋራ ኩባንያው የፊሊፕ ሞሪስ ሊቀመንበር የነበረው ጆሴፍ ከልማን በጥር 1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርቦ ስለዚህ ሲጠየቅ ልጆቹ አንሰው እንደሚወለዱ አመነ። ግን ጤናቸው ያው ነው፣ ትንሽ ልጅ መውለድ የሚመርጡ ሴቶችም አሉ አለ። ሲጋራ የሚሸጥ ሰው ይህን በአደባባይ መናገሩ ዛሬም ያናድደኛል። ምጥን የሚያከብደው በዋናነት የልጁ ጭንቅላትና የእናትየው ዳሌ ስፋት ነው፤ የሚጎድለው ግን በአብዛኛው ስጋውና ስቡ ነው። እናትየው ምጡ አይቀልላትም፤ ልጁ ግን አቅም አጥቶ ይወለዳል።

በዚያው ዓመት ደግሞ ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር ወጣ። ጄከብ የሩሻልሚ የተባለ የታወቀ የስታትስቲክስ ሰው ከ2,500 ግራም በታች የተወለዱ ልጆችን ብቻ ለይቶ አወዳደረ። በዚያ ቡድን ውስጥ የሚያጨሱ እናቶች ልጆች ሞት ከማያጨሱት አንሶ ተገኘ። ቁጥሩ ስህተት አልነበረውም። ታዲያ ሲጋራ ትንንሽ ልጆችን ይጠብቃል ማለት ነው?

አይደለም። ለምን እንዳልሆነ መረዳት ሌላ ብዙ የጤና ወሬ ለማጣራትም ስለሚረዳ ትንሽ እንቆይበት። የማታጨስ ሴት በጣም ትንሽ ልጅ ከወለደች ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ከባድ የአካል ጉድለት፣ ኢንፌክሽን፣ ወይም ሌላ ብርቱ በሽታ። እነዚህ ልጅ የሚገድሉ ነገሮች ናቸው። የምታጨሰዋ ልጅ ግን ሌላ ሕመም ሳይኖርበት በሲጋራው ብቻ ከመስመሩ በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ትንንሾቹን ብቻ ለይተን ስናወዳድር በሲጋራ ያነሱትን፣ በከባድ በሽታ ካነሱት ጋር ነው ያስቀመጥናቸው። ሁሉንም ልጆች አንድ ላይ ስንቆጥር ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚያጨሱ እናቶች ልጆች ሞት ይበልጣል። ይህ እንቆቅልሽ ለአሥርት ዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የማወዳደሪያውን ስህተት በግልጽ አሳይተው አስረድተውታል።

ሟች ሆኖ መወለድም በሚያጨሱ እናቶች ላይ ይበልጣል። የብዙ ጥናቶች ድምር እንደሚያሳየው ዕድሉ በግማሽ ያህል ይጨምራል። የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅም እንዲሁ ከፍ ይላል፤ ይህ የሚሆነው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ሴትየዋ ማርገዟን ሳታውቅ ነው።

ከተወለደ በኋላ

ሲጋራ እያጨሰች የቆየች እናት ልጅ ሲወለድ ኒኮቲኑ ድንገት ይቋረጥበታል። አንዳንዱ ይነጫነጫል፣ በቀላሉ ይደነግጣል፣ እጅ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ማባበል ያስቸግራል። አራስ ቤት ውስጥ ይህ «አስቸጋሪ ልጅ» ተብሎ ያልፋል። ድካም ላይ ያለች እናት ደግሞ ልጇ ሲያለቅስባት ጥፋቱ የእሷ እጅ አያያዝ ይመስላታል። አይደለም። ጊዜ ሲያገኝ ይረጋጋል።

ሳንባው ግን ቶሎ አይረሳም። ኒኮቲን የአየር ቱቦዎቹ ሲሠሩ አወቃቀራቸውን ይለውጣል። ሲለካ አየር የሚያስወጣበት ፍጥነት ያነሰ ነው። በሕፃንነቱ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ደረቱ ያፏጫል፤ አስም የመያዙም ዕድል ይጨምራል። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ማቆም ላልቻሉ ነፍሰ ጡሮች በቀን 500 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ሲሰጥ የልጆቻቸው ሳንባ ተሻሽሎ መታየቱን ዘግቧል። ጥሩ ዜና ነው። ግን ሳንባውን በከፊል ይረዳል እንጂ የእንግዴ ልጁን፣ ክብደቱን፣ ልቡን አይነካም። ክኒኑን ውጦ ሲጋራውን መቀጠል መፍትሔ ተደርጎ እንዳይወሰድ።

በጣም የሚከብደው ግን ድንገተኛ የጨቅላ ሞት ነው። ጤነኛ የሚመስል ሕፃን ይተኛል፣ ከዚያ አይነሳም። በጤናማ ጨቅላ ውስጥ አንድ ማንቂያ አለ። ተኝቶ ሳለ ኦክስጅን ቢያንሰው፣ ፊቱ ጨርቅ ላይ ቢደፋ፣ አንጎሉ ያነቃዋል። ይንፈራገጣል፣ ፊቱን ያዞራል፣ አየር ይስባል። ማኅፀን ውስጥ ኒኮቲን የደረሰበት ልጅ ይህ ማንቂያ ይዳከማል። በአሜሪካ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ ውልደቶችን የመረመረና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው በእርግዝና ጊዜ በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨሱ እናቶች ልጆች ላይ ይህ ዓይነቱ ሞት በእጥፍ ይጨምራል። ከዚያ በላይ በጨመረ ቁጥር አደጋውም ይጨምራል። «አንዷ ምንም አትል» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው። ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። የቀነሱት ከቀጠሉት ትንሽ ይሻላሉ፤ ያቆሙት ደግሞ ይበልጥ ይሻላሉ።

ልጁ ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ። ከእናት ወይም ከአባት አንዳቸው የሚያጨሱ ከሆነ ደግሞ አንድ አልጋ ላይ አብሮ አይተኛ፤ አልጋው እነሱ ያሉበት ክፍል ውስጥ ለብቻው ይሁን።

ጡት ማጥባትን በተመለከተ ብዙ እናት የምትሳሳትበት ነገር አለ። «እያጨስኩ ከማጠባው የዱቄት ወተት ይሻላል» ብላ ጡት ታስጥላለች። ኒኮቲን ወደ ጡት ወተት ይገባል፣ እውነት ነው። ልጁ እንቅልፍ ያጥረዋል፤ የወተቱም መጠን ሊቀንስ ይችላል። ጭሱ ውስጥ ካለው ሲያናይድ በሰውነት ውስጥ የሚፈጠር ንጥረ ነገር ደግሞ አዮዲን ወደ ወተቱ እንዳይገባ ያግዳል፤ በሚያጨሱ እናቶች ወተት ውስጥ አዮዲኑ በግማሽ ያህል አንሶ ተገኝቷል። ቢሆንም የጡት ወተት ከኢንፌክሽንም ከድንገተኛ ሞትም ይከላከላል። ሐኪሞች የሚመክሩት አጥቢ፣ ሲጋራውን ግን ለማቆም ሞክሪ ነው። ፈጽሞ ካልተቻለ አጥብቶ እንደጨረሱ እንጂ ሊያጠቡ ሲሉ ማጨስ አይገባም። ወተቱ ውስጥ ያለው ኒኮቲን በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚወርድ ቀጣዩ ጡት ሲደርስ ልጁ የሚያገኘው ያነሰ ይሆናል።

ሺሻው፣ ቬፑ፣ የባሏ ሲጋራ

ሺሻ በውሃ ስለሚያልፍ የተጣራ ይመስላል። አልተጣራም። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይዱን አያስቀርም። ከሥሩ ከሰል ስለሚነድ ጭራሽ ይበዛል። ቬፕ፣ ማለትም በባትሪ የሚሠራው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የለውም፤ ጭሱ ላይ ያሉት ብዙዎቹ መርዞችም የሉበትም ወይም ያነሱ ናቸው። ኒኮቲኑ ግን አለ፤ ለፅንሱ አንጎልና ሳንባ ደግሞ ኒኮቲን ራሱ ችግር ነው። «ላይት» የሚባለው ሲጋራም ለውጥ የለውም፤ ሰው ኒኮቲኑ ሲያንሰው አጥብቆ ይስባል፣ ጭሱን ይዞ ይቆያል። ከ20 ወደ 10 የቀነሰ ሰው ላይም የሚታየው ይኸው ነው፤ የቀሩትን በኃይል ስለሚስባቸው ሰውነቱ የሚያገኘው መርዝ የፍሬውን ቁጥር ያህል አይቀንስም።

የባል ሲጋራ የራሱ ጣጣ አለው። ራሷ የማታጨስ፣ ግን ጭስ ያለበት ቤት የምትኖር ነፍሰ ጡር ሟች ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከሌላው 23 በመቶ ያህል ይጨምራል ይላል በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ድምር። መስኮት መክፈት፣ ሌላ ክፍል ሄዶ ማጨስ በቂ አይደለም። በሕዝብ ቦታ ማጨስ በተከለከለባቸው አገሮች ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ልጆች ቁጥር በ10 በመቶ ያህል ቀንሶ ታይቷል። ለየነፍሰ ጡሯ ምክር በመስጠት ሳይሆን ክልከላው ከመጣ በኋላ የታየ ለውጥ ነው። ስለዚህ ሚስቱን «አቁሚ» የሚል ባል መጀመሪያ የራሱን ያጥፋ። ይህን የምለው ለማሳፈር አይደለም፤ ባሏ የሚያጨስ ሴት ለማቆም በጣም እንደሚከብዳት ስለሚታወቅ ነው።

መቼ ማቆም ይጠቅማል?

ነፍሰ ጡር ሆነሽ ይህን እያነበብሽ ከሆነ እስካሁን ያነበብሽው ከብዶሽ ይሆናል። ይህን ክፍል ግን ረጋ ብለሽ አንብቢው።

በኒው ዚላንድና በአውስትራሊያ የተደረገና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ15ኛው ሳምንት በፊት ያቆሙ ሴቶችን ተከታትሏል። ያለጊዜው መውለዳቸውም ሆነ ትንሽ ልጅ መውለዳቸው ጨርሶ ካላጨሱት ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ማርገዟን ሳታውቅ ሁለት ወር ያጨሰች ሴት በጸጸት ከመብሰልሰል ይህን ብታውቅ ይሻላታል።

15ኛው ሳምንት ካለፈስ? ፅንስ ክብደቱን በብዛት የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ከዚያ በፊት ያቆመች እናት የክብደቱን ጉዳት አብዛኛውን ታስቀራለች። ስምንተኛ ወር ላይ እንኳ ቢሆን፣ ካቆምሽ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከደምሽ ይወጣል፤ ወደ ፅንሱ የሚሄደው ኦክስጅን ይሻሻላል። «አሁንማ አልፏል» የሚባልበት ሳምንት የለም።

ይህን ለውጥ በዓይን ማየትም ይቻላል። በአንዳንድ አገሮች በእርግዝና ክትትል ላይ አዋላጇ ትንሽ መሣሪያ ትሰጥሻለች። ትንፋሽሽን ጥቂት ሴኮንድ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ትነፊበታለሽ። ሳንባሽ ውስጥ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን በቁጥር ይወጣል። በጥቂት ቀን ልዩነት ቁጥሩ ወርዶ ሲታይ፣ ብዙ ሴቶችን ከምክር በላይ የሚያበረታው እሱ ነው።

ማቆሙ ለምን እንደሚከብድ ግን በሐቀኝነት መነገር አለበት። በየቀኑ ከሚያጨሱ ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእርግዝናም ጊዜ በየቀኑ ማጨሳቸውን ይቀጥላሉ። ልጃቸውን ስለማይወዱ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ጉበት ኒኮቲንን ከወትሮው በጣም ፈጥኖ ያስወግዳል። ስለዚህ ሐራራው ቶሎ ይመለሳል፤ ያው አንድ ሲጋራ የሚያረካው ለአጭር ጊዜ ነው። ሌላው ሰው «ለልጅሽ ብለሽ እንዴት አታቆሚም?» እያለ የሚጠይቃት ሴት ሱሱ በሰውነቷ ውስጥ ጭራሽ በርትቶባት ነው ያለችው። የኒኮቲን ፕላስተር ለነፍሰ ጡር ብዙ ጊዜ ያልበቃትም በከፊል በዚህ ነው። ያም ሆኖ ፕላስተሩም ማስቲካውም ጭስ የላቸውም። በራሷ መቁረጥ ያልቻለች ሴት ከሐኪሟ ጋር ተማክራ ልትጠቀምባቸው ትችላለች። ሱስ ለማስቆም የሚሰጡትን ክኒኖች ግን በራስ ገዝቶ መጀመር አይገባም።

«ማቆሙ የሚያመጣው ጭንቀት ለልጁ ይብሳል» የሚል ምክር ደግሞ አትቀበይ። ሐራራ ያስጨንቃል፣ ያነጫንጫል፣ እንቅልፍ ይነሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብሳል፣ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ለእንግዴ ልጁ ግን ኦክስጅን እየሰጠሽው ነው።

ምን ይሠራል? ተከታታይ የሆነ የአንድ ለአንድ ምክር ይሠራል፤ አንድ ጊዜ ብሮሹር መስጠት ብዙም አያመጣም። በግላስጎው የተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ ደግሞ ለሚያቆሙ ነፍሰ ጡሮች እስከ 400 ፓውንድ የሚደርስ የመገበያያ ኩፖን ሰጥቶ ነበር። ኩፖን ከተሰጣቸው 22.5 በመቶ አቆሙ፤ መደበኛውን ድጋፍ ብቻ ካገኙት 8.6 በመቶ። «ለግዴታዋ ይከፈላታል ወይ?» ብለው የተቆጡ ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን ያለጊዜው የተወለደን ልጅ ማሞቂያ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ከማቆየት ኩፖኑ የሚያዋጣ ይመስለኛል።

የመጨረሻው ፈተና ከወሊድ በኋላ ነው። በእርግዝና ካቆሙት ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ይመለሱበታል። እንቅልፍ የለም፣ ድካም አለ፣ «ልጁ ወጥቷል፣ አሁን አይጎዳውም» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ስለዚህ ስለዚህ ጉዳይ መነጋገር ያለብሽ ገና ሳትወልጂ፣ በመጨረሻዎቹ የክትትል ቀጠሮዎች ላይ ነው። ሐራራው ሲመጣ ማን ጋ እንደምትደውዪ፣ ልጁን ለግማሽ ሰዓት ማን ተቀብሎ እንደሚያሳርፍሽ፣ የባልሽ ሲጋራ ከቤት እንዴት እንደሚወጣ ወስኚ። አንድ ቀን ተሸንፈሽ አንድ ብታጨሺም ጡት ማጥባቱን አታቋርጪ፤ ሁለተኛውን ከመለኮስሽ በፊት ለአዋላጅሽ ንገሪያት።